አባ ገመቺስ፤ የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወትና የወለጋ ምእመናን

በሰሜን አሜሪካ ስለሚኖሩት አሚሾች አንድ መሐንዲስ የሰማው ነገር ቢኖር የኤሌክትሪክ መስመር ወደ ቤታቸው እንደማያስገቡና አውቶሞቢል እንደማይገዙ ነው። የፈረስ ጋሪያቸው፣ ጥቁር ልብሳቸውና የሴቶቻቸው ቆብ በፎቶግራፍ ተነሥቶ ዓለምን ዞሯል። አንድን መሣሪያ ከመቀበላቸው በፊት ግን መሣሪያው ጎረቤትን ከጎረቤት ያቀራርብ ወይም ያራርቅ እንደ ሆነ በጉባኤ የሚመክሩበት መሆኑን የሚያወራ ጥቂት ነው። ትንሽ የሃይማኖት ማኅበር ከውጭ ሲታይ ዕጣው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፤ በሚያደርገው ሳይሆን በማያደርገው ይታወቃል። ስሙንም ራሱ አያወጣም፣ ሌላ ያወጣለታል። የአሚሾችና የሜኖናይቶች አባቶች በ1525 በዙሪክ ከተማ ጥምቀት አምኖ ለተቀበለ ጎልማሳ እንጂ ለሕፃን አይገባም ብለው በተነሡ ጊዜ «ዳግም አጥማቂዎች» የሚለውን ስም የሰጧቸው ጠላቶቻቸው ነበሩ። እነርሱ ራሳቸው የሕፃንነቱን ጥምቀት እንደ ጥምቀት ስለማይቆጥሩት ደግመን አጠመቅን ብለው አያምኑም ነበር።

በአገራችንም ይህን የመሰለ ዕጣ የደረሰበት ማኅበር አለ። በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ በነቀምቴና በቦጂ የተጀመረው የወንጌላውያን ጉባኤ በጎረቤቶቹ ዘንድ ይታወቅ የነበረው በሠራው ትምህርት ቤት ወይም ባሳተመው መጽሐፍ ሳይሆን «ፀረ ማርያም» በሚል ስም ነው። የጉባኤው እምነት የሉተራውያን ነው፤ ሕፃናትን ያጠምቃል፣ የሜኖናይቶችን ያህልም ከጦር መሣሪያና ከመንግሥት ሥራ ራሱን አያገልም። በሃይማኖት ሥርዓት አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። አንድ የሚያደርጋቸው ከውጭ የታዩበት ዓይን ነው። ይህን በደንብ ለመረዳት የጉባኤው አባት ከሚባሉት ከኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጁ በ1856 ገደማ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። ስሙ ሂካ ነበር። ሂካ በኦሮምኛ ተርጓሚ ወይም ፈቺ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ስም ከእንዲህ ያለ ዕድሜ ጋር መገጣጠሙን በኋላ የጻፉት ሁሉ ሳያነሡት አላለፉም። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። በ1869 በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው እየተሸጠ፣ ከምዕራብ ኢትዮጵያ እስከ ቀይ ባሕር ያለውን መንገድ ተነዳ። ያ መንገድ በዘመኑ የታወቀ የንግድ መስመር ነበር። በአንድ አቅጣጫ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ይመጣበታል፣ በሌላው አቅጣጫ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ሰው ይሄድበታል። ሰውየው በየገበያው ሲሸጥ ስሙ ይለወጣል፤ ቋንቋውም ቀስ በቀስ ከአፉ ይጠፋል። ይህ የቋንቋ መጥፋት ከፍ ብሎ ለሚመጣው ሥራ ዋና ችግር ስለሚሆን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ።

በ1870 ሂካ ምጽዋ ደረሰ። በዚያ የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው የስዊስ ተወላጅ ቨርነር ሙንሲንገር ነፃ አወጣውና ከከተማዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ለነበሩት ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች ሰጠው። ይህ ሚሲዮን በ1866 ምጽዋ ሲገባ ዓላማው ወደ ኦሮሞ ሕዝብ መድረስ ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶበት በባሕሩ ዳር ተቀምጦ ሳለ፣ ሊደርስበት ያልቻለው ሕዝብ ልጆች በባሪያ ነጋዴ እጅ ወደ እርሱ መጡ። ሂካ በትምህርት ፈጣን ሆኖ ተገኘ። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ። ስሙ በግሪክ ጠቃሚ ማለት ሲሆን፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ከጌታው የኮበለለው ባሪያ ስም ነው።

ከ1876 እስከ 1881 ኦኔሲሞስ በስዊድን አገር በዮሐንስሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ስለነዚህ አምስት ዓመታት ብዙ ማለት ባያስፈልግም፣ ለጉዳያችን የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። የላኳቸው ስዊድናውያን ራሳቸው በአገራቸው ሲናቁና ሲከሰሱ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። በስዊድን በ1726 የወጣ ሕግ ካህን ሳይኖር በግል ቤት ለጸሎትና ለንባብ መሰብሰብን ይከለክል ነበር፤ የተሻረው በ1858፣ ማለትም ኦኔሲሞስ ከመሄዳቸው 18 ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ ነው። በየቤቱ ተሰብስበው መጽሐፍ ያነቡ የነበሩትን ገበሬዎችና የእጅ ጥበብ ሰዎች ሌላው ሕዝብ «አንባቢዎች» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ቃሉ ስድብ ሆኖ ተጀምሮ ባለቤቶቹ ሳያፍሩበት የተቀበሉት ስም ሆነ። ስለዚህ ኦኔሲሞስ ከስዊድን ይዘውት የተመለሱት የሃይማኖት ትምህርት ብቻ አልነበረም። ሰው በገዛ ቋንቋው፣ በገዛ ቤቱ፣ የካህን ፈቃድ ሳይጠይቅ ያነባል የሚለውን ልማድ ይዘው መጡ። ኋላ በነቀምቴ ያስከሰሳቸው ይኸው ልማድ ነው።

በ1881 ወደ ምጽዋ ተመልሰው ምሕረት ኃይሉን አገቡና ወዲያው ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት መንገድ መፈለግ ጀመሩ። በትግራይና በጎንደር በኩል ያለው ቀጥተኛ መንገድ ዝግ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ በሱዳን በኩል ሆነ፤ ከምጽዋ ወደ ካርቱም፣ ከካርቱም በጥቁር ዓባይ ዳር ሽቅብ እስከ አሶሳ አካባቢ ፈማካ ድረስ ሄዱ። ወለጋ በቅርብ ርቀት ሳለች ለመመለስ ተገደዱ። ኦኔሲሞስ በትኩሳት ታምመው ካርቱም የደረሱት በሚያዝያ 1882፣ የማህዲ ጦርነት ሊስፋፋ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሁለተኛው ሙከራ በ1886 በታጁራ በኩል ተደርጎ እንጦጦ ደረሱ። ዳሩ ግን አፄ ዮሐንስ የውጭ ሚሲዮናውያን ከአገር እንዲወጡ አዝዘው ስለነበር፣ ንጉሥ ምኒልክ ከዚያ ወዲያ እንዲያልፉ አልፈቀዱም። እንግዲህ በሰሜን፣ በምዕራብና በምሥራቅ በኩል ያሉት መንገዶች ሁሉ ተሞክረው አልተሳኩም። ሰውየው ወደ እምኩሉ ተመልሰው፣ ራሳቸው ሊገቡበት ባልቻሉት አገር የሚገባ መጽሐፍ ለማዘጋጀት ተቀመጡ።

እዚህ ላይ በሙያችን ዓይን የሚታይ ጉዳይ ስላለ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው።

አንድን ትልቅ መጽሐፍ ለመተርጐም ተርጓሚው የሚተረጉምበትን ቋንቋ አበጥሮ ማወቅ አለበት። ኦኔሲሞስ ከኦሮሞ ምድር ሲወሰዱ ዕድሜያቸው 13 ዓመት ገደማ ነበር። የልጅነት ቋንቋ የጨዋታ፣ የከብት ጥበቃና የማዕድ ቋንቋ ነው፤ የፍርድ፣ የኀዘን፣ የቃል ኪዳን፣ የመሥዋዕትና የንግሥና ቃላት ገና አልገቡበትም። ከዚያ ላይ በዓረብኛ፣ በትግርኛ፣ በአማርኛና በስዊድንኛ መካከል ብዙ ዓመታት ኖረዋል። ሥራውን ሲጀምሩ የቃላቸው ክምችት እንደማይበቃ አወቁ።

ይህን ችግር የፈታችው አስቴር ጋኖ ናት። አስቴርም በባርነት የተሸጠች የኦሮሞ ልጅ ነበረች። ወደ ዓረቢያ ባሕር ዳር ትወስዳት የነበረችው መርከብ በ1886 በጣሊያኖች ተይዛ ነፃ ወጣችና ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። የቋንቋ ጆሮዋና የማስታወስ ችሎታዋ ከፍ ያለ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ የኦሮምኛ ቃላትን ለመዝገበ ቃላት አሰባሰበች። ወደ 500 የሚደርሱ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን ከትዝታዋ በጽሑፍ አሰፈረች፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 እምኩሉ ላይ በታተመው የማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። መጽሐፉ የሁለቱ የጋራ ሥራ ነው። ኦኔሲሞስን ሳመሰግን የአስቴርን ስም በአንድ መስመር አስገብቶ ማለፍ ልክ አይመስለኝም፤ የድልድዩን ቅስት አድንቆ መሠረቱን የቆፈረውን እንደ መርሳት ይቆጠራል። የተርጓሚው ስም በየመጽሐፉ ሲጠራ የእርሷ ግን ለረጅም ጊዜ ከሚሲዮኑ ክበብ አልወጣም።

ሁለተኛው ችግር ፊደል ነው። ኦኔሲሞስ የመረጡት የግዕዝን ፊደል ነበር፤ በዘመኑ በኢትዮጵያ ማንበብ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እርሱን ስለሆነ ምርጫው ተገቢ ነበር። ነገር ግን የግዕዝ ፊደል ጠብቆና ላልቶ የሚነገረውን አይለይም፣ የብዙዎቹን አናባቢዎች ርዝመትም አያሳይም። በአማርኛ ይህ ጉድለት አልፎ አልፎ ቢያሳስትም ያኗኑራል፤ በኦሮምኛ ግን የቃሉን ትርጉም ፈጽሞ ይለውጠዋል። ለምሳሌ «በዳ» ተብሎ የተጻፈው ቃል ዳው ላልቶ ሲነበብ መጥፎ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደጋ አገር ማለት ነው። አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ አካሄድ መገመት አለበት። ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ ቁቤ በተባለው በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ይህ ችግር በጽሑፍ ላይ ቀርቷል፤ በምትኩ ቁቤን ብቻ የለመደ ወጣት የኦኔሲሞስን የመጀመሪያ እትም ለማንበብ ይቸገራል። ኦኔሲሞስ የተሳሳቱ አይመስለኝም። በእጃቸው የነበረውን መሣሪያ ተጠቅመው ሥራውን ፈጸሙ።

አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ማተሚያ ቤት ታተመ። የሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ካለቀ በኋላ ኦኔሲሞስ ወደ አውሮፓ ተሻግረው፣ በስዊስ አገር ባዝል አጠገብ በቅድስት ክሪሾና የነበረውን የኅትመት ሥራ በቅርብ ተቆጣጠሩ። እያንዳንዱ የእርሳስ ፊደል በእጅ በሚለቀምበት ዘመን፣ ቋንቋውን በማያውቁ የፊደል ለቃሚዎች የተዘጋጀውን ገጽ ሁሉ ማረም ምን ያህል ድካም እንደ ሆነ ማተሚያ ቤት የገባ ይገምተዋል። ሥራው በ1899 ተፈጸመ። ከእርሳቸው በፊት ጀርመናዊው ክራፕፍ በኦሮምኛ አንዳንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎችን አሳትሞ ነበር፤ ብሉይና አዲስ ተሟልቶ ሲወጣ ግን የመጀመሪያው ይህ ነው። በዚያው ዓመት የሉተር ትምህርተ ሃይማኖትም በኦሮምኛ ወጣ። መጽሐፉ ተዘጋጅቶ ሳለ ተርጓሚው ገና ወለጋን በዓይናቸው አላዩም።

በ1904 ከቤተሰባቸውና ከጓዶቻቸው ጋር ነቀምቴ ገቡ። አስቴርም አብራ ነበረች። ዛሬ ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ያለው መንገድ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያን ጊዜ በበቅሎና በእግር፣ ወንዝ እየጠበቁ የሚሻገሩበት ጉዞ ነበር። የሌቃ ነቀምቴ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በትውልድ ስማቸው ኩምሳ ሞሮዳ፣ በክብር ተቀበሏቸው። ደጃዝማቹ በኦርቶዶክስ ሥርዓት የተጠመቁ፣ ለምኒልክ መንግሥት የገበሩ ባላባት ሲሆኑ፣ በአገራቸው ትምህርት እንዲስፋፋ ይፈልጉ ነበር። ቤተ መንግሥታቸው በነቀምቴ እስከ ዛሬ ይታያል።

ከኦኔሲሞስ በፊት ሐማሴናዊው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ቦጂ ላይ ማስተማር ጀምረው ነበር። ስለ እኒህ ሰው ማለፍ የማልፈልገው በ1905 በእሳት ቃጠሎ ስለ ሞቱና ሥራቸው ሁሉ በኦኔሲሞስ ትከሻ ላይ ስለ ወደቀ ነው። ትግርኛ ተናጋሪው ካህን የኦሮሞን ልጆች ለማስተማር ሕይወታቸውን ወለጋ ላይ አሳለፉ። ይህን ታሪክ የአንድ ብሔረሰብ ብቻ አድርገው ለሚያወሩ ማስታወሻ ይሁን።

ጉባኤው እንዴት ይኖር ነበር? በቁጥር ጥቂት ነው። ከአባላቱ መካከል ከባርነት የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱም መምህራን ሆኑ። ወንድም ሴትም ፊደል ይቆጥር ነበር። ስብሰባው በኦሮምኛ ነው፤ መጽሐፉ ይነበባል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ የተነበበው በቤት ቋንቋ ይብራራል። ለዛሬ አንባቢ ይህ ሁሉ ተራ ነገር ነው። ለ1904 ነቀምቴ ግን ከባሪያ ገበያ የወጣች ሴት መምህርት ሆና የባላባት ልጅ ስታስተምር ማየት ቀላል ነገር አልነበረም።

ጎረቤት ያየው ሌላ ነው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ጾም በኢትዮጵያ የልብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የጭስና የሽታ ጉዳይም ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ከማን ቤት ምን ወጥ እንደሚሸት ሠፈሩ ያውቃል። እነዚህ ሰዎች እንደ ሌላው አይጾሙም፤ በእመቤታችን ምልጃም እንደ ጎረቤቶቻቸው አይጸልዩም። ከሁሉም በላይ የሚናገሩት የአካባቢው ካህናት በማይሰሙት ቋንቋ ነው። ካህናቱ ብዙዎቹ ከሰሜን የመጡ ስለሆኑ ኦሮምኛ አያውቁም ነበር። የማይሰማ ስብከት ደግሞ ከሚሰማው ይልቅ ያስጠረጥራል። ስለ እመቤታችን ዝም ያለ ሰው ስለ እመቤታችን ክፉ ተናገረ ተባለ።

ክሱ አዲስ አበባ ደርሶ በግንቦት 1906 ኦኔሲሞስ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። የነቀምቴ ካህናት መሰከሩ፤ አቡኑም በግዞት እንዲቀጡ ፈረዱ።

በዚህ ቦታ ለከሳሾቹም ፍትሕ ማድረግ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከአውሮፓ የመጣን የሃይማኖት ትምህርት በጥርጣሬ የምታይበት ምክንያት ነበራት። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በካቶሊካውያን ምክንያት የፈሰሰው ደም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወራ ኖሯል። ከዚያም በላይ ኦኔሲሞስ የመጡት ከኤርትራ፣ ማለትም በ1890 የጣሊያን ቅኝ ግዛት ከተባለው ምድር ነው፤ የመጡትም ከዓድዋ ድል 8 ዓመት በኋላ ነበር። ከምጽዋ መጽሐፍ ጭኖ የሚመጣን ሰው በጥርጣሬ ማየት ሞኝነት አልነበረም። የከሳሾቹ ጥፋት መጠርጠራቸው ሳይሆን ቃሉን ሳይሰሙ ስለ ቃሉ መመስከራቸው ነው። በመካከላቸው ኦሮምኛ የሚያውቅ አንድ ሰው አስቀምጠው ቢያስተረጉሙ ኖሮ፣ በትምህርቱ ባይስማሙ እንኳ ክሱ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አፄ ምኒልክ የአቡኑን ፍርድ አሻሻሉት። ኦኔሲሞስ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ፣ ግን እንዳያስተምሩ ተወሰነ። አስተዳደራዊ ብልሃት የተሞላበት ፍርድ ነው፤ አቡኑንም ባላባቱንም አላስቀየመም። ለባለ ጉዳዩ ግን በአንድ በኩል መዳን፣ በሌላ በኩል አፍን መዘጋት ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ሙሉ በሙሉ ወደ ሕዝባቸው ቋንቋ የመለሱት ሰው በሕዝባቸው መካከል ተቀምጠው ዝም እንዲሉ ታዘዙ።

እርሳቸውም እርሻ ገቡ። ለብዙ ዓመታት በአደባባይ የሚታየው ሥራቸው ግብርና ብቻ ነበር። ይህን ዘመን የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፉ ሰዎች ቶሎ ያልፉታል፤ ለእኔ ግን ከመጽሐፉ ኅትመት የማያንስ ክብደት ያለው ይመስለኛል። ሜኖናይቶችም በአውሮፓ ከከተማ ከተባረሩ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል የኖሩት በእርሻ ነው፤ መስበክ የተከለከለ ሰው ጎረቤቱ የሚያየው አንድ ነገር ይቀረዋል፣ እርሱም ማሳውና አኗኗሩ ነው። «ፀረ ማርያም» የተባለው ሰው በየቀኑ ሲያርስ፣ ሲዘራና ከሰው ጋር ሲኖር ይታያል። ታትመው የመጡትም መጻሕፍት ከአገር አልወጡም፤ ባለቤታቸው ዝም ባሉበት ዘመን በሰው እጅ ነበሩ። ያም ሆኖ አቡነ ማቴዎስ ከአገር ጨርሰው ሊያስወጧቸው ማሰባቸው አልቀረም።

በ1916 ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን እንዲሰብኩ ፈቃድ ሰጧቸው። ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። ኦኔሲሞስ ያን ጊዜ 60 ዓመት ሆኗቸው ነበር። የቀረውን 15 ዓመት በነቀምቴ ሲሰብኩ፣ ሲያስተምሩና መጻሕፍቱን ሲያድሉ ኖሩ። ሕዝቡ «አባ ገመቺስ» ይላቸው ነበር፤ የሚያስደስት አባት እንደ ማለት ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አንድ፣ ሚሲዮኑ የሰጣቸው ሁለት፣ ይህ ሦስተኛው የአገሩ ሰው የሰጣቸው ነው። «ፀረ ማርያም» ካላቸው ሕዝብ መካከል ይህ ስም መውጣቱን ልብ ይሏል። ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነቀምቴ ላይ ዐረፉ።

ከእርሳቸው በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልጨምር። በወለጋ የተበተነው ጉባኤ በ1959 ከሌሎች ጋር ሆኖ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተብሎ ተቋቋመ። ሜኖናይቶች በበኩላቸው ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1945 በእርዳታ ሥራ ወደ ኢትዮጵያ ገብተው ናዝሬት ላይ ሆስፒታል ከፈቱ፤ ከእነርሱ ሥራ የወጣችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1982 በደርግ ተዘግታ መሪዎቿ ታስረዋል። አባላቷም የስዊድን «አንባቢዎች» በአንድ ወቅት እንዳደረጉት በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ ቆዩ። ከ1991 በኋላ ቤተ ክርስቲያኒቱ ስትከፈት የአባላቱ ቁጥር ከተዘጋችበት ጊዜ እጅግ በዝቶ ተገኘ።

አስቴር ጋኖ ኦኔሲሞስ ከሞቱ በኋላም በነቀምቴ ቆየች። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ወደ እንግሊዝ ሲሰደዱና ሲመለሱ፣ ከተማዋ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ሲሠራላት፣ መኪና ሲገባባት አየች። ያረፈችው በ1964 ነው። ከእምኩሉ ዘመን ጀምሮ የሰበሰበችው የቃላት መዝገብ በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ሳታየው ሞተች።